ሩቅ ማሰብና ቅርብ ማደር

«ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን እንሰማዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረውም ለወቀሳ ነው። ትልቅ ነገር ጀምሮ ሳይፈጽመው የቀረ፥ አገር አቋርጣለሁ ብሎ ከሰፈሩ ያልወጣ፥ ብዙ አውርቶ ጥቂት የሠራ ሰው ሲገኝ ይህ ተረት እንደ ማኅተም ይመታበታል። ነገር ግን ያረጀ ተረት ትርጉሙን ሳንመረምር የምንደግመው ስለ ሆነ፥ በውስጡ ያለውን ቁም ነገር ብዙ ጊዜ ሳናየው እናልፋለን። ሩቅ ማሰብ ጥፋት ነውን? ቅርብ ማደርስ ውርደት ነውን? ጥያቄው ይልቁንም የሚከብደው ሩቅ የሚያስበው ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ሲሆን፥ ይኸውም አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ተስማምተው ትልቅ የጉዞ ምኞት በልባቸው ሲያኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ምኞት ይዘልቃልን? ባይዘልቅስ ከመጀመሪያው ከንቱ ነበር ማለት ነውን? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ነው።

ጥያቄውን በልቤ ያሳደረብኝ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ያጋጠመኝ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በጋ ለሥራ ወደ ሰመራ ስሄድ አንድ ሌሊት በዚያች ከተማ አደርሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በመካከል ያለው የአዋሽ ጣቢያ ለተጓዡ የማረፊያና የመመገቢያ ቦታ ሆነ፤ ከተማዋም ከጣቢያው ጋር አደገች። ዛሬ የአሮጌው ባቡር ፉጨት አይሰማም፤ በእርሱ ፈንታ በ2010 ዓ.ም. የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በአካባቢው ያልፋል። ከወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት ከባድ የጭነት መኪናዎችም ሌሊትና ቀን መንገዱን አይለቁትም። ወደ ሰሜን የሚሄደው ጐዳና በገዋኔ፥ በሚሌና በሎግያ በኩል የአፋር ክልል ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሰመራ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ድንበር ይዘልቃል። እንግዲህ በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚያየው የሚሄድ ሰውን ነው። ሌላው ሁሉ ሲያልፍ እርሱ ቆሞ ይመለከታል፤ በልቡም «እኔስ መቼ ነው የምሄደው?» የሚል ጥያቄ ቢያድርበት የሚያስደንቅ አይደለም።

ወደ ማታ፥ ሙቀቱ ጥቂት ሲበርድ፥ በአሮጌው ጣቢያ አቅራቢያ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ ወጣት መምህርና እጮኛው በጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩ አየሁ። እርሷ በጤና ጣቢያ የምታገለግል ነርስ ናት። የክርክራቸው ምክንያት በቆላ በእግሩ የሚጓዝ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል የሚል ነበር። እርሱ አራት ይበቃል ሲል እርሷ አይበቃም ትላለች። ዐይኔ በካርታው ላይ መዋሉን ባየች ጊዜ «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። መፍረድ ባልችልም ቀርቤ ስለ ጉዞው ጠየቅሁ። ውጥናቸው ሦስት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ፥ ከሠርጋቸው በኋላ፥ የአዋሽን ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ከመነሻው ጀምረው እስከ መጨረሻው፥ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ በእግር መከተል፤ ሁለተኛ፥ አገራችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዞር፤ ሦስተኛ፥ አፍሪካን ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በየብስ ማቋረጥ። ለዚሁም ሲሉ ዕቁብ ገብተዋል፤ የሠርጋቸውን ድግስ አሳንሰው ገንዘቡን ለስንቅ ሊያደርጉትም ተስማምተዋል።

ከአጠገባችን የተቀመጡ፥ በምድር ባቡር ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ በዝምታ ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፥ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስሸኝ ኖርሁ። አብረው ሲሄዱ ያየኋቸውን ሁሉ ግን አብረው ሲመለሱ አላየሁም» አሉ። ወጣቷም ፈገግ ብላ «አባባ፥ እኛኮ ቲኬቱን የምንቆርጠው አንድ ላይ ነው» ስትላቸው፥ ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው «ቲኬቱማ አንድ ላይ ይቆረጣል» ብለው ዝም አሉ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። ከተረቱ ይልቅ ከባድ ነበርና። ተረቱ የሚለው «አትደርሱም» ነው፤ ሽማግሌው ግን ያሉት «ብትደርሱም አብራችሁ ላትሆኑ ትችላላችሁ» ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የጉዞ ምኞት በራሱ ከንቱ ነው ለሚሉት ሰዎች መልስ መስጠት ይገባል። እነዚህ ሰዎች ጎጆ የሚቀለሰው በአንድ ቦታ ነው፤ ትዳር ሥር ይፈልጋል፥ መንገድ ግን ሥር የለውም ይላሉ። ይህ ለገበሬና ለከተማ ሰው እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከአዋሽ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚሄድ ሰው ሌላ ትምህርት ያገኛል። የአፋር አርብቶ አደር ቤት ከተቀለበሰ እንጨትና ከዘንባባ ከተሠራ ሰሌን የተዋቀረ ነው። የሚሠሩትና የሚተክሉትም ሴቶቹ ናቸው። ሣርና ውኃ ፍለጋ መነሣት ባስፈለገ ጊዜ ቤቱ ይፈርስና በግመል ይጫናል፤ ባረፉበት ቦታም እንደገና ይቆማል። ቦታው ተለውጧል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። በመንገድም ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፥ የሣሩን፥ የውኃውን፥ የሰላሙን ነገር፥ ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ ይህም «ዳጉ» ይባላል። እንግዲህ በዚህ አገር ጉዞና ትዳር ጠላቶች አይደሉም። ትዳሩ ራሱ ይጓዛል። ሥሩም ያለው በመሬቱ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል ነው።

ነገሩን ወደ ጥንት ብንወስደው ደግሞ የሚጸና እንጂ የሚላላ አይሆንም። በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፥ በሐዳር፥ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ አጥንቷም በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር ይመሰክራል። በታንዛንያ በሌቶሊ፥ በእሳተ ገሞራ ዐመድ ላይ ታትሞ የተገኘው የ3.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ደግሞ ትልቅና ትንሽ እግር ጎን ለጎን ሲሄዱ ያሳያል። እነዚያ ሁለቱ እናትና ልጅ ይሁኑ፥ ወይም ባልና ሚስት፥ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ቤት መሥራት ከመቻሉ አስቀድሞ ከሌላ ሰው ጋር መሄድ ችሎ እንደ ነበር ነው። ስለዚህ ወጣቶች አብሮ የመሄድ ምኞት ቢያድርባቸው አዲስ ዕብደት አልጀመሩም።

ምኞቱ ከንቱ ካልሆነ ታዲያ ብዙ ጊዜ ሳይዘልቅ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ምኞቱ የአንዱ ሆኖ ሳለ የሁለቱ መምሰሉ ነው። ሰው ሲያፈቅር የሚወደውን ሰው ሐሳብ እንደ ራሱ ሐሳብ ይለብሰዋል። ይህ ግብዝነት አይደለም፤ የፍቅር ጠባይ ነው። ነገር ግን የውሰት ልብስ ለአንድ በዓል ያደምቃል እንጂ ለዓመት አይለበስም። ቀን ሲያልፍ፥ ድካምም ሲመጣ፥ ያ ሰው «እኔ ከመጀመሪያውም የመጣሁት ስለ አንተ ብዬ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ሌላኛው እንደ ተከዳ ይቆጥረዋል። እውነቱ ግን ማንም ማንንም አልከዳም፤ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው። «ይህ ምኞት የማን ነው? እኔ ባልኖርስ ኖሮ አንቺ ትመኚው ነበርን?» የሚለው ጥያቄ በእጮኝነት ዘመን ቢጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ሳይጠየቅ ቢቀር ግን በኋላ ዋጋው ይበዛል።

ሁለተኛው ሩቁን እያዩ ቅርቡን መናቅ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ያለውን ርቀት በቃሉ የሚናገር፥ ነገር ግን ከከተማው ዳር ያለውን የአዋሽን ገደል በእግሩ ሄዶ ያላየ ወጣት ጥቂት አይደለም። በዛሬ ዘመን ሩቁ አገር ሁሉ በእጅ ስልክ መስታወት ውስጥ ስለሚታይ ይህ ፈተና ከቀድሞው ዘመን ይልቅ በርትቷል። ያዩትን የደረሱበት ይመስላቸዋል፤ ያልደረሱበትንም ያጡት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሳይነሡ ይደክማሉ፥ ሳይጀምሩም ያዝናሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የዋጋው አለመተካከል ነው። መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚከፈል ዋጋ አለ። አንዱ ሥራውን ይለቃል፤ አንዱ የታመመ ወላጁን ለሌላ ሰው ጥሎ ይሄዳል፤ መመለስ ባስፈለገም ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ምኞቱን ይሠዋል። ይህ ዋጋ ተራ በተራ ሲከፈል ፍቅርን ያጠነክራል። ዘወትር ያው አንዱ ሰው ብቻ ሲከፍለው ግን፥ ቢናገረውም ባይናገረውም፥ በልቡ ውስጥ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። በአገራችን ልማድ ደግሞ ይህን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍለው ሴቲቱ መሆኗን መሸሸግ አይገባም። እርሷ ስትተው «ይህ የሴት ወጉ ነው» ይባላል፤ እርሱ ሲተው ግን «ሚስቱ አስቀረችው» ተብሎ ይወራል። እንዲህ ያለ ሚዛን ባለበት ቤት የጉዞ ምኞት ቀርቶ ሌላም ነገር ቢዘልቅ ያስደንቃል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ጥልቅ ጥያቄ አለ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የገባውን ቃል የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሊፈጽመው ይገባልን? ሰው ይለወጣል። በወጣትነቱ የበረሃ ፀሐይ የናፈቀው ሰው በጎልማሳነቱ ጥላ ሊናፍቅ ይችላል። የቀድሞውን ምኞት በግድ ቢፈጽመው ለሌላ ሰው ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ይሆናል፤ ቢተወውም ራሱን እንደ ከዳ ይሰማዋል። ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣን ምኞትን፥ ውጥንንና ኪዳንን ለይቶ ማወቅ ነው። ምኞት ልብ የሚፈልገው ነገር ነው፤ ይመጣል ይሄዳል። ውጥን እጅ የጀመረው ሥራ ነው፤ ሊታረምና ሊዘገይ ይችላል። ኪዳን ግን ስለ መንገዱ የሚገባ ቃል ሳይሆን ስለ ባልንጀራው የሚገባ ቃል ነው። «እዚህ ቦታ እንደርሳለን» ማለት ውጥን ነው፤ «ያለ አንቺ ምክር አልሄድም፥ ያለ አንቺም ምክር አልመለስም» ማለት ግን ኪዳን ነው። የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ለአርባ ዓመቱ ጎልማሳ ሊያወርስ የሚገባው ካርታውን ሳይሆን ይህን ኪዳን ነው።

ይህን የምለው ከሐሳብ ብቻ ተነሥቼ አይደለም፤ በታሪክ የታወቁ ተጓዦችም ምስክሮች አሉ። ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥተው ከሄዱት መንገደኞች አንዱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እርሱ በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ ወዴት ገብቶ እንደሚቀር በዐይኑ ለማየት ቆርጦ ተነሣ። ጉዞውን የጀመረው ዴቪድ ሄግ ቶማስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ነበር፤ ነገር ግን ጓደኛው ታመመና ወደ አገሩ ተመለሰ። ቴሲጀር አብረውት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ጋር በ1926 ዓ.ም. ጉዞውን ቀጥሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት ሐይቅ ደረሰ፥ ከዚያም እስከ ታጁራ ዘለቀ። በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ጓደኛሞች የነበራቸው ውጥን እንጂ ኪዳን አልነበረምና። አንዱ ቢቀር ሌላው ቢሄድ ወዳጅነት አይፈርስም። ለባልና ሚስት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ስለ ባልና ሚስት የሚነገረው ምሳሌ የሳሙኤል ቤከርና የፍሎረንስ ነው። እነዚህ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ከግብፅ ተነሥተው ከአገራችን ተራሮች የሚወርዱትን የአትባራን ገባሮች ሲመረምሩ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ዞረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1864 እነርሱ አልበርት ብለው ከጠሩት ሐይቅ ደረሱ። በመንገድ ላይ ፍሎረንስ በፀሐይ ተመትታ ለብዙ ቀን ራሷን ስታ ነበር፤ ትሞታለች ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ዳነች። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። እኔን ግን ከዚህ ጀብዱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በኋላ የሆነው ነው። ቤከር በሸመገለ ጊዜ ጄኔራል ጎርደን እንደገና ወደ ሱዳን እንዲሄድ ሊያግባባው ሞከረ። ፍሎረንስ ግን ያለ እርሷ ወደዚያ አገር እንዳይሄድ ቀድሞ የገባላትን ቃል አስታወሰችው፤ እርሷም እንደማትሄድ ነገረችው። እርሱም ቀረ። ጎርደን እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በካርቱም ተገደለ፤ ቤከርና ፍሎረንስ ግን ቤከር እስከ ሞተበት እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ድረስ አብረው ኖሩ። እንግዲህ ጉዞው ቆመ፤ ጉዞውን የወለደው ኪዳን ግን አልቆመም።

ሌሎቹ ቴዎዶር ቤንትና ሚስቱ ማቤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1877 ከተጋቡ ወዲህ ከዓመት ወደ ዓመት አብረው ወደ ግሪክ ደሴቶች፥ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ተጉዘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1893ም ወደ አገራችን መጥተው የይሓንና የአክሱምን ጥንታውያን ሐውልቶች አይተዋል። ማቤል ፎቶግራፍ ታነሣ፥ የየቀኑንም ውሎ ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ከመጨረሻው ጉዟቸው በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ቴዎዶር በበሽታ ሞተ። ማቤልም ማስታወሻውንና ማስታወሻዋን አስተባብራ ስለ ደቡብ ዐረብ አገር የሚናገረውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 በሁለቱም ስም አሳተመች። የአዋሹ ሽማግሌ «አብረው የሄዱ ሁሉ አብረው አይመለሱም» ያሉት በዚህ ላይም ይፈጸማል፤ ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ መለየቱ አይቀርምና። ነገር ግን የሁለቱ ስም በአንድ መጽሐፍ ላይ መቆየቱ አብሮ መሆን በሞትም ፈጽሞ እንደማይቆረጥ ያሳያል።

ምናልባት አንባቢ በዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ ይኖራል። «መንገዱን መተው እንዲህ የሚመሰገን ከሆነ ለሰነፍ ሁሉ ሰበብ ሰጠኸው፤ ሁሉም ‹ተመካክረን ተውነው› ይላል» ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። መልሴ ግን በራሱ በተረቱ ውስጥ ይገኛል። ተረቱ «ቅርብ አዳሪ» ይላል እንጂ «ከቤቱ ያልወጣ» አይልም። በመንገድ የሚያድር የተነሣ ሰው ነው። የበረሃ መንገደኛ ሁሉ ሩቅ ያስባል፤ ነገር ግን የሚያድረው ከሚቀጥለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ሩቅ እያሰበ ሩቅ ለማደር የሚሞክር በጥም ይሞታል። ስለዚህ ቅርብ ማደር የሩቅ ጉዞ ሕግ ነው እንጂ የሩቅ ጉዞ ውድቀት አይደለም። ሰነፍና መንገደኛ የሚለዩት «ዛሬ ስንት ተራመዳችሁ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ነው።

ቅርብ ማደር ሌላም ትርጉም አለው፤ ይኸውም እርስ በርስ መቀራረብ ነው። ይህን ለመረዳት በዚያው በአዋሽና በሰመራ መንገድ የሚያልፈውን ሌላ ጉዞ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ኑሮ አስገድዷቸው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ለመድረስ ይሄዳሉ። ከነዚህም መካከል በመንገድ የሚቀሩ፥ በባሕር የሚሰጥሙም አሉ። ብዙዎቹ ከኋላቸው እጮኛ ወይም ሚስት፥ ባል ወይም ልጅ ትተዋል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ፥ ከዚያ ቤት እንሠራለን» የሚለው ቃል እርሱም የሁለት ወጣቶች የጉዞ ምኞት ነው፤ ያውም ካርታ ተዘርግቶ ለደስታ የሚታቀድ ሳይሆን በዕንባ የሚታቀድ። በእነዚህ ላይ መፍረድ አይገባም። ከእነርሱም መካከል በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ተለያይተው እያንዳንዱን ነገር ተመካክረው የሚወስኑ፥ በልብ ቅርብ የሚያድሩ አሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ በልብ ሩቅ የሚያድሩም እንዲሁ አሉ። የአፋር ሰው መንገደኛውን ካየና ከሰማ ምንም ሳይደብቅ እንዲነግረው የሚጠይቀው፥ በበረሃ አንድ የተደበቀ ወሬ ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው። በትዳርም መንገድ እንዲሁ ነው። ድካሙን፥ ፍርሃቱን፥ የተለወጠውን ምኞቱን የሚደብቅ ሰው ባልንጀራውን ወደ ደረቀ ጉድጓድ ይመራዋል።

ወደ ሁለቱ ወጣቶች ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራራ አካባቢ ምድር ደጋግማ እንደ ተንቀጠቀጠች፥ መሬት እንደ ተሰነጠቀች፥ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከመኖሪያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ እንደ ተወሰዱ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ሳልፍ ያችን ሻይ ቤት ፈልጌ ገባሁ። ሽማግሌውን አላገኘኋቸውም፤ ወጣቶቹን ግን አገኘኋቸው። ተጋብተዋል። ዕቁቡ የደረሳቸው በዚያው በመንቀጥቀጡ ወር ስለ ነበር፥ ገንዘቡ የእርሷን ወላጆች ለማንሣት፥ ለጭነት መኪና ኪራይና ለቤት ኪራይ ዋለ። የአዋሽ ጉዞ ቀረ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ አንድ ዘመዱ ወጣቱን «ብቻህን ከሆንህ ወጪውን እኔ እችላለሁ፥ ወደ ውጭ አገር ና» ብሎት ነበር። አልሄደም። ይህን ሲነግረኝ እንደ ጀግና አልተናገረም። «ጋሼ፥ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ሌሊት ይቆጨኛል» አለኝ፤ ሚስቱም እየሰማች ነበር። እርሷም አልተቀየመችም። «እንደሚቆጨው ዐውቃለሁ። የዚህ ጊዜውን ዋጋ እርሱ ከፈለ፤ የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው» አለች።

ካርታው የት እንዳለ ጠየቅሁ። አሁንም በቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ነገር ግን በእርሳስ የተሰመረች አንዲት አጭር መሥመር ተጨምራበታለች። ከከተማው ወደ አዋሽ ገደል፥ ከገደሉም በወንዙ ዳር ጥቂት ወረድ ብሎ የሚሄድ፥ በሁለት እሑዶች በእግራቸው የሄዱት መንገድ ነው። በካርታው ላይ ከአንድ የጣት ጥፍር አይበልጥም። «ሰው ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይለናል» ብላ ሳቀች። የውኃውም ክርክር ተፈጽሟል፤ አራት ሊትር አልበቃቸውም።

ካይሮ ይደርሱ እንደ ሆነ አላውቅም። አዋሽ ራሱ ባሕር አይደርስም። ከደጋው ወርዶ፥ በቆቃ ተገድቦ፥ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ፥ የዱብቲንና የአሳይታን እርሻ አጠጥቶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ በጅቡቲ ድንበር ባለው በጨዋማው አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አልደረስህም ብሎ የሚወቅሰው የለም፤ ያለፈበት ምድር ሁሉ ምስክሩ ነውና።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሩቅ የሚያስብ ተማሪ በክፍላችሁ ሲገኝ በተረት አትምቱት፤ ይልቁንም «ዛሬ የት ታድራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በሥልጣን ላይ ያላችሁም፥ ወጣቶች በአገራቸው መንገድ በሰላም ሄደው በሰላም የሚመለሱበትን ሁኔታ ማደላደል የናንተ ድርሻ መሆኑን አትርሱ፤ የቀና መንገድ ያጣ ምኞት ጠማማ መንገድ ይፈልጋልና። እናንተም አብራችሁ ሩቅ የምታስቡ ወጣቶች፥ ምኞታችን ይዘልቃል ወይ ብላችሁ ሌላ ሰው አትጠይቁ። ቲኬቱ አንድ ላይ መቆረጡ ብቻውን አይበቃም። መንገዱ ሲጠብብ ማን እንደሚያስቀድም፥ መመለስ ሲያስፈልግ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል፥ ባለፈው ጊዜስ ማን እንደ ከፈለው እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ይህን ሳትፈሩ መነጋገር ከቻላችሁ፥ የትም ብትደርሱ፥ ወይም የትም ሳትደርሱ ብትቀሩ፥ ሩቅ ማሰባችሁ አያሳፍራችሁም፤ ቅርብ ማደራችሁም አያስነቅፋችሁም።